ገመዱ ሳይበጠስ መለወጥ፦ የሪያድ ጉድጓዶች መዘውርና የባለሙያዎቹ ዕውቀት

ሪያድ ባሕር የሌላት ከተማ ናት። ከምሥራቁ ባሕረ ሰላጤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከቀይ ባሕር ደግሞ የዚያን እጥፍ ርቃ በነጅድ አምባ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ያረጀ የጀልባ ገመድ ስለ መለወጥና የተበላ መዘውር ስለ መተካት የሚነሣ ወሬ ለጅዳ ወይም ለጁበይል ሰው የተተወ ይመስላል። ነገር ግን በዚህች ከተማ ዙሪያ ይኸው ሥራ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሳይታጐል ሲሠራ ኖሯል። መዘውሩ የተሰቀለው በጀልባ ምሰሶ ፈንታ በጉድጓድ አፍ ላይ ነበር፤ ገመዱም በሸራ ፈንታ ውሃ ይስብ ነበር።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊሊያም ጊፎርድ ፓልግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1862 ከሪያድ ቅጥር ውጭ ቆሞ ከተማይቱን ሲመለከት ሁለት ነገሮችን አስተውሏል። አንደኛው ዙሪያዋን የከበበው የተምር ዛፍ ብዛት ነው። ሁለተኛው ከዛፎቹ መካከል የሚመጣውና እርሱ እስከ ቆመበት ስፍራ ድረስ የሚሰማው የውሃ መዘውሮች እንጉርጉሮ ነው። ይህንኑ በ1865 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስፍሮታል። «ሪያድ» የሚለው የዐረብኛ ስም ትርጉሙ የአትክልት ስፍራዎች ማለት ነው። ሆኖም ዋዲ ሐኒፋ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ሸለቆ ነውና፣ አትክልቱ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጣው ውሃ ከመሬት ሆድ ተጐትቶ መውጣት ነበረበት። የሪያድ አረንጓዴነት በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሃ የሚወጣበት ስልት በነጅድ «ሰዋኒ» ይባላል። ነጠላው «ሳኒያ» ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ ውሃ የሚስበውን እንስሳ፣ በተለይም ግመሏን ያመለክታል፤ ውሎ አድሮ ግን ለመላው መሣሪያ መጠሪያ ሆኗል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ወጋግራዎች ይተከላሉ። በወጋግራዎቹ መካከል ከፍ ብሎ ትልቅ የእንጨት መዘውር ይሰቀላል፤ ስሙም «መሓላ» ነው። የአማርኛ አንባቢ ስሙን ሲሰማ የዳኛ ፊት መሐላ ትዝ ሊለው ይችላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ይልቅስ ዝምድና ያለው «በከራ» የሚለው ቃላችን ነው፤ እርሱ በዐረብኛም በአማርኛም ያው ነው። ከመሓላው በታች፣ ልክ በገንዳው ከንፈር ላይ፣ «ደራጃ» የተባለ ድብልብል ተሽከርካሪ እንጨት በአግድም ይቀመጣል። ውሃው የሚቀዳበት ከረጢት «ገርብ» ይባላል፤ ከቆዳ የተሰፋ ነው፣ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ አቁማዳ ይመስላል። ከአቁማዳ የሚለየው ሁለት አፍ ያለው በመሆኑ ነው። የላይኛው አፉ ሰፊ ነው፤ ታችኛው እየጠበበ ሄዶ እንደ እጅጌ ይረዝማል።

የመሣሪያው ብልሃት ያለው በሁለቱ ገመዶች ላይ ነው። ወፍራሙ ገመድ «ሪሻእ» ይባላል፤ ከከረጢቱ ሰፊ አፍ ላይ ከተመሳቀሉት እንጨቶች ጋር ታስሮ በላይኛው መዘውር ላይ ያልፋል፣ ሸክሙንም የሚሸከመው እርሱ ነው። ቀጭኑ ገመድ «ሰሪሕ» ይባላል፤ ከእጅጌው ጫፍ ጋር ታስሮ በታችኛው ተሽከርካሪ እንጨት ላይ ያልፋል። ሁለቱም በግመሏ ኮርቻ ላይ ይታሰራሉ። ግመሏ «መንሓ» በተባለው ቁልቁለት መንገድ ላይ ከጉድጓዱ እየራቀች ስትወርድ ሁለቱ ገመዶች እኩል ይሳባሉ፤ ከረጢቱም ይወጣል። ቁልቁለቱ በከንቱ የተቆፈረ አይደለም፤ የእንስሳዋ የራሷ ክብደት ጉልበቷን እንዲያግዝ ነው። ርዝመቱም ከጉድጓዱ ጥልቀት ጋር የተመጣጠነ ነው።

ከረጢቱ ሲወጣ እጅጌው ወደ ላይ ታጥፎ ጫፉ ከሰፊው አፍ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ውሃው አይፈስም። ከረጢቱ ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ግን የሁለቱ ገመዶች መንገድ ይለያያል። ወፍራሙ ገመድ ከረጢቱን ወደ ላይኛው መዘውር ማንሣቱን ይቀጥላል፤ ቀጭኑ ገመድ እጅጌውን በታችኛው እንጨት ላይ አሳልፎ ወደ ገንዳው ይጐትተዋል። በዚያች ቅጽበት ውሃው በእጅጌው በኩል በራሱ ይንዶለዶላል። ማንም ሰው እጁን መዘርጋት አያስፈልገውም። ነጂው ግመሏን አዙሮ ወደ ላይ ሲመልሳት ባዶው ከረጢት ተመልሶ ይወርዳል።

ባለሸራ ጀልባ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በጀልባ ላይም ሁለት ዓይነት ገመድ አለ። አንዱ ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ አንሥቶ ክብደቱን ይሸከማል፤ ሌሎቹ ቀጫጭን ገመዶች ሸራው ከነፋሱ ጋር የሚኖረውን ቅርጽና ማዕዘን ይቆጣጠራሉ። ሸክሙን የያዘው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ይታያል፤ ሰውም ይጠነቀቅለታል። መቆጣጠሪያዎቹ ግን ቀጭን ስለ ሆኑ ይረሳሉ። ጀልባው አልታዘዝ ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚሁ በተረሱት ላይ፣ ወይም እነርሱ በሚያልፉባቸው ትናንሽ መዘውሮች ውስጥ ነው።

በጉድጓዱም እንዲሁ ነው። ቀጭኑ ገመድ ከመጠን በላይ ቢረዝም የእጅጌው ጫፍ ወደ ታች ይወርድና ውሃው ገና በመንገድ ሳለ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይፈሳል፤ ግመሏ ግማሽ ባዶ ከረጢት ትጐትታለች። ቢያጥር ደግሞ ሸክሙ ወደ እጅጌው ዞሮ ስፌቱን ይቀድዳል። አንድ ስንዝር ልዩነት የቀኑን ድካም ከንቱ ያደርጋል። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ገመዶቹ ከተለያየ ነገር የተሠሩ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ወፍራሙ ብዙ ጊዜ ከተምር ዛፍ ቃጫ ይገመዳል፤ ቀጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍር ነው። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ አብጦ በርዝመቱ ያጥራል፤ ሲደርቅ መልሶ ይለቃል። ጠፍር በተቃራኒው ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይደርቃልም። ስለዚህ የሁለቱ ልክ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መፈተሽ ነበረበት። አዲስ ገመድ በተተከለ ጊዜ ደግሞ ሸክሙን እስኪለምድና ፈትሎቹ እርስ በርሳቸው እስኪጣበቁ ድረስ ይሳባል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቋጠሮውን ደጋግሞ ማስተካከል ግድ ነው።

ገመድ የሚያልቀው እንዴት ነው? 60 ሊትር ውሃ የያዘ ከረጢት፣ የቆዳውን ክብደት ሳንጨምር፣ 60 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአንድ ስፍራ የተሰቀለ መዘውር ይህን ክብደት አይቀንስም፤ የሚያደርገው የመሳቢያውን አቅጣጫ መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉው ሸክም በገመዱ ላይ ነው። ከረጢቱ በቀን መቶ ጊዜ ቢወጣና ቢወርድ ገመዱ መዘውሩን ሁለት መቶ ጊዜ ይሻገራል፤ በአንድ ወር ስድስት ሺህ ጊዜ ማለት ነው። በእያንዳንዱ መሻገር ገመዱ ይታጠፋል፤ በውጭ በኩል ያለው ቃጫ ይወጠራል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይጨመቃል፣ ፈትሎቹም እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። መዘውሩ ትልቅ ከሆነ ዕጥፋቱ የላላ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ግን ገመዱ በየጊዜው እንደሚሰበር ያህል ይታጠፋል። የነጅድ አናጢዎች መሓላውን ትልቅ አድርገው መሥራታቸው ለገመዱ ዕድሜ ትልቅ ውለታ ነው።

በነጅድ ላይ አሸዋ ይጨመራል። በነፋስ የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ከእርጥብ ገመድ ላይ ይጣበቅና በፈትሎቹ መካከል ይገባል፤ ገመዱ በታጠፈ ቁጥር እንደ ሞረድ ከውስጥ ይቆርጠዋል። ፀሐዩም የራሱን ያደርጋል። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ክፋቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ገመዱ ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ፈትሉን ጠምዝዘው ሲከፍቱት ውስጡ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገመድ የሚመረመረው በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ነው። በየክንዱ ርቀት ፈትሉን ገልጦ ማየት፣ የሳሳውን ስፍራ በጣት መዳሰስ፣ የደነደነውን ማጠፍ ያስፈልጋል። ይህ ምክር ለዛሬ የናይሎንና የፖሊስተር ገመድም ይሠራል፤ በባሕር ላይ የአሸዋውን ቦታ የጨው ቅንጣት ይወስደዋል እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። ሸክሙ ከውሃው ሲላቀቅና በላይ ሲገለበጥ በመዘውሩ ላይ የሚያርፉት የገመዱ ክፍሎች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ቋጠሮውም በዚያው ስፍራ ይታሸታል። ስለዚህ አንድ ገመድ ሁሉ ቦታው ደህና ሆኖ በሁለትና በሦስት ስንዝር ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ከመርከበኞች ዘንድ የታወቀው መድኃኒት ገመዱን ጫፍና ጫፉን ማለዋወጥ፣ ወይም የተበላውን ጫፍ ቆርጦ ቋጠሮውን ወደ ደህናው ክፍል ማዛወር ነው። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን መጀመሪያውኑ ገመዱ ትርፍ ርዝመት ካለው ነው። ልክክ ብሎ የተቆረጠ ገመድ መግዛት ቁጠባ ይመስላል፤ የሚያስከፍለው ግን በኋላ ነው።

ከገመዱ ይልቅ የሚዘነጋው መዘውሩ ነው። አዲስ ገመድ በአሮጌ መዘውር ላይ ማስገባት ብዙ ሰው የሚሠራው ጥፋት ይመስለኛል። አሮጌው ገመድ ለዓመታት በእንጨቱ ላይ ሲሄድ የራሱን ፈር ይቆፍራል። ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ፈሩም እየጠበበና እየጠለቀ ይሄዳል። አዲሱ ገመድ ወፍራም ነውና በዚያ ጠባብ ፈር ውስጥ ተጨንቆ ጐኑ ይበላል፤ ሰውም ገመዱ መጥፎ ነበር ይላል። የዘንጉ ቀዳዳ ደግሞ በሸክሙ አቅጣጫ ብቻ ስለሚበላ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል። ያን ጊዜ መዘውሩ እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ገመዱም ከፈሩ ዘሎ በመዘውሩና በደጋፊው እንጨት መካከል ይሰነቀራል። መዘውሩን በባዶ እጅ አዙሮ ማየት፣ ወደ ጐን ገፍቶ ልልነቱን መለካት፣ ፈሩን በአዲሱ ገመድ ቁራጭ መሞከር አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

በነጅድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ። አናጢው መሓላውንና ደራጃውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ «አስል» ከተባለው ድርቅን ከሚችል ዛፍ ነው። ቆዳ ሰፊው፣ በዐረብኛ «ኸራዝ» የሚባለው፣ ከረጢቱን ይሰፋል፣ የተቀደደውን ይጠግናል፣ ጠፍሩን ይቆርጣል። የተምር ቃጫው ገመድ ግን ከገበሬው ቤት ሊወጣ የሚችል ነገር ነበር። በዛፉ ግንድ ላይ በቅርንጫፎቹ ሥር የሚገኘው መረብ መሰል ቃጫ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ተቀጥቅጦ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ይፈተልና ፈትሎቹ ተጣምረው በተቃራኒው አቅጣጫ ይገመዳሉ። ሁለቱ ተቃራኒ ጥምዝምዞሽ አንዱ ሌላውን ስለሚይዝ ገመዱ በራሱ አይፈታም። የሚጠጣው ዛፍ ራሱ የመጠጫውን ገመድ ይሰጣል ማለት ነው።

ጠፍርንማ የአማርኛ አንባቢ ከሞፈርና ከቀንበር ማሰሪያ ያውቀዋል። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ሰው እስከ ዛሬ ሕይወቱን ለጠፍር ገመድ አደራ ሰጥቶ 15 ሜትር ያህል ገደል ይወጣል። እዚያም ገመዱን ማን እንደሚመረምረውና መቼ እንደሚለወጥ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው።

የመዘውርን ዋጋ በሌላ መለኪያ ማየት ለሚፈልግ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሸራ ዘመን አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የእንጨት መዘውሮች ያስፈልጉት ነበር። እነርሱም ያልቃሉ። እንግሊዞች በፖርትስመዝ ወደብ በማርክ ብሩኔል ዕቅድ ያቋቋሙት የመዘውር ፋብሪካ በ1808 በዓመት 130,000 መዘውሮች ያመርት ነበር። በዓለም ላይ በማሽን ብዛት ማምረት ከጀመሩት ሥራዎች ቀዳሚ ተደርጎ ከሚቆጠሩት አንዱ ይኸው ነው። ኃያሉ ባሕር ኃይል ፋብሪካ እስኪያቆም ድረስ የጨነቀውን ነገር የነጅድ ገበሬ ከአንድ አናጢ ጋር ብቻ ሆኖ ይጋፈጠው ነበር።

ገመዱ ሳይለወጥ ቀርቶ ቢበጠስስ? ቁልቁለት ላይ ሙሉ ጉልበቷን ሰጥታ የምትስብ ግመል ሸክሙ ድንገት ሲለቃት በፊቷ ትደፋለች። ከረጢቱ ወደ ጉድጓዱ ይወድቃል፤ አንድ ሰው ወርዶ ሊያወጣው ይገባል። ግመሏ ብትሰበር ገበሬው ያጣው ትልቁን ሀብቱን ነው። ውሃው ለቀናት ቢቋረጥ የተምር ዛፍ ይታገሣል፤ በጥላው ሥር የተዘራው ስንዴና አልፋልፋ ግን አይታገሥም። ከነጅድ የቆዩ የውል ሰነዶች እንደሚታወቀው ብዙ ገበሬዎች የሥራ ወጪያቸውን በብድር ሸፍነው ዕዳውን በተምርና በእህል ይከፍሉ ነበር። በዚያ ኑሮ ውስጥ ገመድ በጊዜው መለወጥ ከዕዳ ላይ ዕዳ እንዳይጨመር መከላከል ነበር።

ይህ የድካምና የወጪ ልዩነት በእስልምና ሕግም ውስጥ ግልጽ ስፍራ አለው። በዝናብና በወንዝ የለማ እህል ዘካው አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ በሳኒያ የለማው ግን የዚያ ግማሽ፣ አንድ ሃያኛ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ «ሳኒያ» የሚለው ቃል ራሱ ተጠቅሶ ይገኛል። በቁጥር ብናስቀምጠው ከ100 ኩንታል ስንዴ የዝናቡ ገበሬ 10፣ የጉድጓዱ ገበሬ 5 ኩንታል ያወጣል። የፊቅህ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ ውሃውን ለማውጣት የሚጠፋውን ወጪና ልፋት ያነሣሉ። የእንስሳዋ መኖ፣ የቆዳው ከረጢትና የገመዱ ዋጋ በዚያ ግማሽ ውስጥ ታስቦ ገብቷል ብለን ብንረዳው አንሳሳትም። ዛሬም በሞተር ለሚያጠጣ ገበሬ ሊቃውንት የሚሰጡት ብይን ይኸው አንድ ሃያኛ ነው።

መዘውሩ በሚዞርበት ጊዜ እንጨቱ በዘንጉ ላይ ሲፋተግ የሚያሰማው ድምፅ ለነጅድ ሰዎች ከሥራ ድምፅ በላይ ነበር። በሕዝባዊ ግጥማቸው የመሓላ ዋይታ የናፍቆትና የሐዘን ምሳሌ ሆኖ ይመጣል። ለባለሙያ ጆሮ ግን ድምፁ መረጃም ነው። የመዘውሩ ጩኸት ከተለመደው ሲለወጥ ዘንጉ ደርቋል ወይም ቀዳዳው ተበልቷል ማለት ነው። በጀልባም ላይ ሌሊት የሚጮኽ መዘውር ችላ አይባልም።

ይህ ድምፅ ከሪያድ የጠፋው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። ከከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በኸርጅ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ፣ ከተፈጥሮ የውሃ ጉድጓዶች በሞተር የሚስቡ ፓምፖች ተተከሉ። ቀጥሎ ሞተሩ ወደ ተራው ገበሬ ጉድጓድ መጣ። በ1950ዎቹ በሪያድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቁ ጉድጓዶች መቆፈር ጀመሩ፤ እንዲህ ያለውን ጥልቀት ገመድም ግመልም አይደርስበትም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጁበይል ጨዋማነቱ የተወገደ የባሕር ውሃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ወደ ከተማይቱ ይገፋል። ባሕር የሌላት ሪያድ ዛሬ ባሕር ትጠጣለች። ግመሏ ከድካም፣ ገበሬውም ከሌሊት ሥራ ዐርፈዋል፤ ያንን ኑሮ ማንም መልሶ አይመኘውም። ከመዘውሩ ጋር አብሮ የሄደው ግን የአናጢውና የኸራዙ ዕውቀት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ገና ወደ ሙዚየም አልገባም። በብዙ የገጠር አካባቢዎች በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሁንም በባልዲና በገመድ ይቀዳሉ። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «የገመድ ፓምፕ» የተባለው ቀላል መሣሪያ በየቦታው ተሰራጭቷል። በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ቀለበት የሆነ ገመድ፣ በገመዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት የታሰሩ ክብ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መግፊያዎች፣ በላይ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጠርዝ የተሠራ መዘውርና የእጅ መዘወሪያ አሉት። በዋጋ ርካሽ ነው፤ የመንደር ብረት ሠሪ ሊሠራው ይችላል። ድካሙ ያለው በዚያው በጥንቱ ስፍራ ነው፤ ገመዱ ያልቃል። የጎማው መዘውር ሲላላ ገመዱ ይንሸራተታል፤ መግፊያዎቹ ሲያንሱ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ጥቂት ሜትር የፕላስቲክ ገመድ ከገበያ ገዝቶ የሚያስገባ፣ የመግፊያዎቹንም ልክ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ከሌለ መሣሪያው ቆሞ ይቀራል፤ ሴቶችና ልጆችም ወደ ሩቁ ምንጭ ይመለሳሉ። ፓምፑን የሚተክል ድርጅት አብሮ ሊተወው የሚገባው ትርፍ ገመድና አንድ የሠለጠነ እጅ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

ወደ ሪያድ ስንመለስ፣ የመስመክን ምሽግ የጐበኘ ሰው በውስጡ ያለውን ጉድጓድ ሳያይ አይወጣም። ምሽጉ በ1865 አካባቢ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1902 ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ሪያድን ያስመለሱበት፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየም ሆኖ የሚያገለግል ነው። በከበባ ጊዜ የምሽግ ሕይወት በዚህ ጉድጓድ ላይ ይንጠለጠል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በድርዒያ በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጡረይፍ ሰፈር፣ በዋዲ ሐኒፋ ዳር ያሉት የተምር እርሻዎች ሁሉ ከጉድጓድ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ከ1985 ጀምሮ ሲካሄድ በኖረው የጀናድሪያ የባህል በዓልም የሰዋኒ ሥራ በእንስሳ ተጐትቶ ለተመልካች ይታይ ነበር።

በየቅርስ ስፍራው የሚተከለው መዘውር ላይ የሚንጠለጠለው ገመድ ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ ገመድ የማይሠራ ቢሆንም ያረጃል፤ ፀሐዩ ይበላዋል፣ ማንም ግን አይመረምረውም። ልጅ ቢንጠለጠልበት የሚበጠሰው እንዲህ ያለው ነው። በቀላሉ ከገበያ የሚገኘውን የናይሎን ገመድ ማሰር ደግሞ መሣሪያውን ያስዋሸዋል። ናይሎን በሸክም ጊዜ ብዙ ይለጠጣል፤ በቀጭኑ መቆጣጠሪያ ገመድ ቦታ ቢገባ የእጅጌው ልክ በየጊዜው ይዛባል፣ ውሃውም ይፈሳል። መሣሪያው በእውነት ውሃ እንዲያወጣ የተፈለገ እንደ ሆነ ወፍራሙ የተምር ቃጫ፣ ቀጭኑ ጠፍር ሆኖ መገመድና በየጊዜው መለወጥ አለበት። ያን ጊዜ ገመድ የሚገምድ፣ ፈሩን የሚጠርብ፣ እጅጌውን የሚሰፋ ሰው በግድ ይኖራል። በእኔ እምነት ከጌጡ መዘውር ይልቅ ቅርሱ ያለው በዚህ ለውጥ ውስጥ ነው።

ለዚህ የሚሆን ዕድል በከተማይቱ አለ። የሳዑዲ ባህል ሚኒስቴር 2025ን የእደ ጥበብ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። «ወርስ» በሚል ስም የሚታወቀው የባህላዊ ጥበባት ንጉሣዊ ተቋምም መቀመጫው ሪያድ ሆኖ የእንጨት ሥራን ጨምሮ ባህላዊ ሙያዎችን ያስተምራል። የተምር ዛፍ ዕውቀትና ልማድ በ2019 ሳዑዲ ዓረቢያን ጨምሮ በበርካታ ዐረብ አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከቃጫው የሚሠራው ሥራም የዚያው ዕውቀት አካል ነው። በመካ በሚገኘው የሁለቱ ቅዱሳን መስጂዶች የሕንፃ ጥበብ አውደ ርእይ የቀድሞው የዘምዘም ጉድጓድ መዘውርና ባልዲ ተጠብቀው ይታያሉ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ሑጃጆችም ያዩዋቸዋል። እነርሱ በመስታወት ውስጥ መቀመጣቸው ተገቢ ነው። የሪያድ የእርሻ ጉድጓዶች ግን አሁንም በተምር ዛፎች መካከል ያሉ ናቸው፤ ቃጫውም ከአጠገባቸው በየዓመቱ ይነቀላል።

አንድ ተማሪ ሥራውን ሊጀምር ቢፈልግ ከትልቁ መሓላ መነሣት የለበትም። መጀመሪያ ሁለት ክንድ ገመድ ከቃጫ ገምዶ፣ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ማጠሩን ይለካ። ቀጥሎ አንድ ቁራጭ ጠፍር በዚያው ውሃ ዘፍዝፎ መርዘሙን ይለካ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ትንሽ ከረጢት ላይ አስሮ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ከታች እስከ ላይ የሚወጣበትን ልክ እስኪያገኝ ድረስ ቋጠሮውን ይፍታ፣ ይሰር።